ራሙ ተሰክቷል፣ ኮምፒውተሩ ግን አያየውም፦ ከባሕር ዳር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ይዘው ለሚሠሩ ሰዎች ነው። ለጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቱ፣ ለጌም ቤቱ፣ ለፎቶ ስቱዲዮው፣ ፔዳና ፖሊ ካምፓሶች አካባቢ ተከራይቶ ፕሮጀክቱን ለሚሠራው ተማሪ። ነገሩ ሁሌም በአንድ መልክ ይጀምራል፤ ራም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ሜሞሪ) ተጨመረ፣ ኮምፒውተሩ አላየውም። ከዚያ አንዱ ይመጣና «ማዘርቦርዱ» ማለትም ሁሉም ክፍል የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ «ሞቷል» ይላል። ባለቤቱም ሌላ ማዘርቦርድ ፍለጋ ይወጣል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ስሎት፣ ማለትም ራሙ የሚሰካበት ቦታ፣ በእውነት የሚሞተው አልፎ አልፎ ነው። ከዚያ በፊት መጣራት ያለባቸው ነገሮች አሉ፤ አብዛኞቹም አምስት ሳንቲም አያስወጡም።

8 ጊጋ ራም ነበረኝ፣ ሌላ 8 ጨመርኩ። ኮምፒውተሩ አሁንም 8 ነው የሚለኝ። ስሎቱ ተበላሽቷል ማለት ነው?

ገና አይታወቅም። ራም አልታይ ሲል የሚጠረጠሩት አራት ናቸው፦ ራሙ ራሱ፣ ስሎቱ፣ ፕሮሰሰሩ (ስሌቱን የሚሠራው ዋናው ቺፕ) ከነሶኬቱ (ማዘርቦርዱ ላይ ከሚቀመጥበት ቦታ ጋር)፣ እና ዊንዶውሱ። ፕሮሰሰሩ የተጠረጠረው ያለ ምክንያት አይደለም። በዛሬዎቹ ኮምፒውተሮች ራሙን የሚቆጣጠረው ክፍል የሚገኘው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ነው። ከፕሮሰሰር ሠሪዎቹ ኤኤምዲ በዴስክቶፕ ላይ ይህን የጀመረው በ2003 እ.ኤ.አ. ሲሆን ኢንቴል በ2008 ተከተለ። ስለዚህ ከራሙ እስከ ፕሮሰሰሩ ባለው መንገድ ላይ የትም ቦታ የተቋረጠ ነገር ካለ፣ ለእኛ የሚታየን «ስሎቱ አይሠራም» ሆኖ ነው።

ኬዙን ከመክፈታችሁ በፊት ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማዘርቦርዱ የራሱ ፕሮግራም) ግቡ። ኮምፒውተሩን እያስነሳችሁ ቁልፉን ደጋግማችሁ ንኩ። ዴል ላይ ኤፍ2፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ10 ነው፤ ሌሎች ብዙ ማዘርቦርዶች ላይ ደግሞ ዲሊት። እዚያ ሜሞሪ የሚል መስመር ታገኛላችሁ። አንዳንዱ ባዮስ የትኛው ስሎት ላይ ምን እንዳለ አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ባዮሱ 16 ካለ ስሎቱ ደህና ነው፤ ጣጣው ዊንዶውስ ላይ ነው። ባዮሱም 8 ካለ ኬዙ ይከፈታል።

ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ላይ ታስክ ማናጀር ከፍታችሁ ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ሜሞሪ ብትሉም ስንት ስሎት እንዳለና ስንቱ እንደተያዘ ይነግራችኋል። ግን በእሱ ብቻ አትፍረዱ። አንዳንድ ማሽን የሌለውን ስሎት ይቆጥራል። በዓይን ማየት ይበልጣል።

ባዮሱ 8 ጊጋ ያያል። ዊንዶውስ ግን «3.2 ብቻ ነው የምጠቀመው» ይላል።

ዊንዶውሱ 32 ቢት ነው። 32 ቢት ዊንዶውስ ከ4 ጊጋ በላይ መጠቀም አይችልም፤ ከዚያም ላይ ለግራፊክስና ለሌሎች ክፍሎች የሚቀነስ ስላለ እጃችሁ የሚደርሰው 3 ጊጋ ከምናምን ነው። ከቆዩ የጽሕፈት ቤት ማሽኖች ላይ ይህን አሁንም ታገኙታላችሁ። መፍትሔው 64 ቢት መጫን ነው። ከመጫናችሁ በፊት ፋይሎቻችሁን ወደ ፍላሽ ወይም ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ ገልብጡ። የፕሪንተሩም ድራይቨር 64 ቢት እንዳለው አረጋግጡ፤ ፕሪንተሩ እንጀራችሁ ከሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

64 ቢት ሆኖም ከጎደለ ሁለት ነገር እዩ። ዊንዶውስ 7 ሆም ቤዚክ ከሆነ 8 ጊጋ ላይ ይቆማል፣ ሆም ፕሪሚየም ደግሞ 16 ላይ። ሁለተኛው ሲስተም ኮንፊገሬሽን ውስጥ ቡት የሚለው ላይ፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ ስር «ማክሲመም ሜሞሪ» የሚል ሳጥን አለ። እዚያ ምልክት ተደርጎበት ከሆነ ምልክቱን አንሱና ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ አስነሱት። ኮምፒውተር ያፈጥናል ተብሎ ሰው የሚነካካው ቦታ ነው፤ አያፈጥንም።

8 ጊጋ ገብቶ 7.9 ወይም 7.4 ቢታያችሁ ግን ምንም አልሆነም። ግራፊክሱ ከራሙ ትንሽ ወስዶ ነው።

እሺ፣ ባዮሱም አያየውም። ከየት ልጀምር?

የዚህ ገጽ ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። እባካችሁ ሳትቸኩሉ ሥሩት።

ኮምፒውተሩን አጥፉና ገመዱን ከግድግዳው ንቀሉ። መጥፋቱ ብቻውን አይበቃም፤ ገመዱ እስካለ ድረስ ፓወር ሰፕላዩ ማዘርቦርዱ ላይ 5 ቮልት ይዞ ይቆያል። ኃይል ባለበት ራም መንቀልና መሰካት ደግሞ ስሎት ከሚያቃጥሉ ነገሮች አንዱ ነው። ገመዱ ከተነቀለ በኋላ የማስነሻውን ቁልፍ ለጥቂት ሴኮንድ ተጭናችሁ ቆዩ፤ የቀረው ይወጣል። ከዚያ ቀለም ያልተቀባ የኬዙን ብረት በእጃችሁ ንኩ። በተለይ በበጋ፣ አየሩ ደረቅ ሲሆን፣ ሹራብ ለብሶ ምንጣፍ ላይ ከተራመደ ሰው እጅ የሚወጣው ኤሌክትሪክ ራም ሊገድል ይችላል።

አሁን ሁሉንም ራም አውጡ። ከመካከላቸው ይሠራል ብላችሁ የምታምኑትን አንዱን ምረጡ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው ማሽኑ ላይ የነበረው ነው። አንድ ራም፣ አንድ ስሎት። አራት ስሎት ባለው ማዘርቦርድ ከፕሮሰሰሩ ጀምራችሁ ቁጠሩና ሁለተኛው ላይ ሰኩት። በብዙ ማዘርቦርድ አጠገቡ ኤ2 ተብሎ ተጽፎበታል። የቢሮ ማሽኖች ግን የራሳቸው ቅደም ተከተል አላቸው። ለምሳሌ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ላይ መጀመሪያ የሚሞሉት ክሊፓቸው ነጭ የሆነው ስሎቶች ናቸው። የኬዙ ክዳን ውስጥ የተለጠፈ ሥዕል ካለ እሱን አምናችሁ ሂዱ።

አሰካኩ ላይ ልቆይ፤ ግማሹ ችግር እዚህ ነው። ክሊፖቹን ወደ ውጭ ክፈቱ። ራሙ ከታች በኩል ትንሽ የተቆረጠ ቦታ አለው፤ ስሎቱ ውስጥ ካለው ጉብታ ጋር ይግጠም። ካልገጠመ አዙሩት። አዙራችሁትም ካልገጠመ ዓይነቱ ሌላ ነው፣ በጉልበት አትሞክሩ። ከገጠመ ሁለቱን ጫፍ በሁለት አውራ ጣት እኩል ተጫኑ። ቀጭ ይላል፤ ክሊፖቹም ራሳቸው ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። ክሊፑን በጣት ገፍቶ መዝጋት ራሙ ገብቷል ማለት አይደለም። ሰው እሰብረዋለሁ ብሎ ስለሚፈራ ግማሽ ላይ ይተወዋል። በተለይ ክሊፕ ያለው በአንድ ወገን ብቻ የሆነ ማዘርቦርድ ላይ፣ ክሊፕ የሌለው ጫፍ ሳይገባ ይቀራል። ጎንበስ ብላችሁ ከጎን እዩት፤ ወርቃማው መስመር በአንድ በኩል ብቅ ብሎ መታየት የለበትም።

ገመዱን መልሱና አስነሱ። ባዮስ ግቡ፤ ታየ ወይስ አልታየም? ወረቀት ላይ ጻፉ። አጥፉ፣ ንቀሉ፣ ያንኑ ራም ሦስተኛው ስሎት ላይ፣ ከዚያ አራተኛው፣ ከዚያ የመጀመሪያው ላይ። ስሎቶቹ ሲያልቁ ደግሞ የሚሠራ ስሎት ያዙና ሌሎቹን ራሞች ተራ በተራ እሱ ላይ ሞክሩ።

ወረቀቱ ይነግራችኋል። አንዱ ራም የትም ቦታ ካልታየ ጥፋቱ የራሙ ነው፤ ስሎቱን እርሱት። የሚሠራው ራም አንዱ ስሎት ላይ ብቻ ከጠፋ ጥርጣሬው ስሎቱ ላይ ነው። ሁሉም ራም ለየብቻው በየትኛውም ስሎት ከታየ፣ አብረው ሲሆኑ ግን ከጠፉ፣ ስሎቱም ራሙም ደህና ናቸው። ያልተስማሙት እርስ በርስ ነው፤ ስለዚህኛው ወረድ ብላችሁ ታነባላችሁ።

ይህን ሳያደርግ ማዘርቦርድ ቀይር የሚላችሁን ሰው ገንዘብ አትክፈሉ።

ስክሪኑ ጥቁር ነው። ቢፕ ቢፕ ብቻ ይላል።

ማሽኑ እየተናገረ ነው፤ አድምጡት። ራም ካላገኘ ስክሪን ላይ የሚጽፍበት መንገድ ስለሌለው በድምፅ ይነግራል። ቁጥሩ እንደ ባዮሱ ሠሪ ይለያያል። አዋርድ ባዮስ ላይ እየተደጋገመ የሚመጣ ረጅም ጩኸት፣ ኤኤምአይ ባዮስ ላይ ሦስት አጭር ጩኸት ራምን ያመለክታል። ቆየት ባሉ የኤችፒ የቢሮ ማሽኖች አምስት ጊዜ ይጮኻል፣ የፓወር መብራቱም አምስት ጊዜ ቀይ ብልጭ ይላል። አዳዲስ ማዘርቦርዶች ደግሞ ድራም የሚል ጽሑፍ ያለበት ትንሽ መብራት አላቸው፤ እሱ በርቶ ከቀረ ራም ላይ ቆሟል ማለት ነው።

አንድ ጠቃሚ ሙከራ አለ። ሁሉንም ራም አውጥታችሁ አስነሱት። ከጮኸ ማዘርቦርዱና ፕሮሰሰሩ በሕይወት አሉ፣ የጎደላቸው ራም ነው። ስፒከር ያለው ማሽን ሆኖ ያለ ራምም ዝም ካለ ግን ነገሩ ከስሎት ይከብዳል፤ ፓወር ሰፕላዩንና ፕሮሰሰሩንም ማየት ያስፈልጋል።

ራሙን በላጲስ ጥረገው ይሉኛል። ልክ ነው?

ይሠራል፤ በልኩ ከሆነ። የራሙ ጥርሶች ወርቅ ቅብ ናቸው። ወርቅ ባይዝግም ላዩ ላይ እድፍ፣ የእጅ ቅባትና አቧራ ይጋገርበታል። ለስላሳ ነጭ ላጲስ ያንን ያነሳል። የእስክርቢቶ ላጲስ ግን እንደ አሸዋ ወረቀት ነው፤ ቅቡን ይልጠዋል፣ አትንኩት። ሁለት ሦስት ጊዜ በቀስታ ከላይ ወደ ታች ሳብ፣ ከዚያ የላጲሱን ፍርፋሪ ከማዘርቦርዱ ርቃችሁ አራግፉ። ፍርፋሪው ስሎት ውስጥ ከገባ ሌላ ችግር ፈጠራችሁ።

አይሶፕሮፒል አልኮል ካገኛችሁ ከላጲስ ይሻላል። 99 በመቶ የሆነው በቶሎ ስለሚተን ይመረጣል። ጨርቅ ላይ ጠብ አድርጋችሁ ጥርሶቹን አብሱና እስኪደርቅ ጠብቁ። የእጅ ሳኒታይዘር በእሱ ፋንታ አይሆንም፤ የሚያጣብቅ ነገር ይተዋል።

ስሎቱን ለማጽዳት ንጹሕ ደረቅ የቀለም ብሩሽና ብሎወር ይበቃል። በአፍ እፍ አትበሉበት፤ ምራቅ ይገባል። መርፌ፣ ስቴኪኒ፣ ካርቶን አትክተቱበት። ስሎቱ ውስጥ ያሉት እንደ ስፕሪንግ የሚለጠጡ ቀጫጭን ሽቦዎች ናቸው፤ አንዱ ከተጣመመ ስሎቱ ያን ጊዜ በእውነት ይሞታል። ለዚህ ነው ከማጽዳታችሁ በፊትም በኋላም በስልካችሁ መብራት ውስጡን እዩ የምለው። ሁሉም ሽቦ በእኩል ተሰልፎ መታየት አለበት።

ክረምት በገባ ቁጥር ነው የሚጠፋው። የሐይቁ እርጥበት ነው?

እርጥበቱ ብቻውን አይደለም፤ ከአቧራው ጋር ሆኖ ነው። በጋውን ሙሉ ኬዙ ውስጥ አቧራ ይከማቻል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ አየሩ ይረጥባል፣ አቧራውም እርጥበት ይይዛል፤ ያ እድፍ ራሙና ስሎቱ በሚነካኩበት ላይ ሲቀመጥ ንክኪው ይደክማል። ከሐይቁ ዳር በቀረበ ቤት፣ መስኮት ተከፍቶ በሚያድር ክፍል፣ ይህ ይብሳል። የማታ መብራት ደግሞ ትንኝ ይስባል። ኬዝ ተከፍቶ ሲጸዳ ፋኑና ስሎቱ አካባቢ የደረቀ ትንኝ ማግኘት እዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። በረሮም ሙቀት ፈልጎ ይገባል፣ የሚተወው ቆሻሻ ደግሞ ብረት ይበላል።

ስለዚህ ኬዙን ወለል ላይ አታስቀምጡ። ከግንቦት መጨረሻ በፊት፣ ዝናቡ ሳይጠና፣ አንድ ጊዜ ከፍታችሁ አጽዱት። ክዳኑን ከፍቶ «ይናፈስ» ብሎ መተው ጥሩ አይደለም፤ ያው ትንኙንም አቧራውንም መጋበዝ ነው። ባዶ ስሎቶች ካሉም አቧራው መጀመሪያ የሚሞላው እነሱን ነው። ለዓመታት ባዶ የነበረ ስሎት ላይ አዲስ ራም ስትሰኩ አልታይ ካለ መጀመሪያ ብሩሹን አንሱ። ከቀዝቃዛ ቦታ ወደ ሞቃት ክፍል የገባ ማሽንም ወዲያው አይነሳ፤ ላብ ካለበት እስኪደርቅ ይቆይ።

ወንድሜ፣ ኮምፒውተሩን በባጃጅ ወደ አባይ ማዶ ካዛወርኩ በኋላ ነው አንዱ ራም የጠፋው። በፊት ደህና ነበር።

የኮብልስቶን መንገድ ነዋ። ራሙን አውጥተው መልሰው ይስኩት፤ በደንብ ሳይገባ የቆየ ከሆነ ንዝረቱ ያላቀዋል። ከዚያ በላይ ላያስፈልግ ይችላል።

ለሚቀጥለው ግን ኬዙን አቁመው አይጫኑት። ማዘርቦርዱ ከታች እንዲሆን አድርገው በጎኑ ያስተኙት፣ ከሥሩ ብርድ ልብስ ያድርጉበት። ትልቁ የፕሮሰሰር ፋንና ግራፊክስ ካርዱ ክብደታቸው ማዘርቦርዱን የሚጎትተው ቆሞ ሲንገጫገጭ ነው። ከዘጌ ወይም ከሌላ የሐይቁ ዳርቻ በጀልባ ለምታመጡም ያው ነው፤ በዚያ ላይ በወፍራም ፕላስቲክ ጠቅልሉት። እንዲያውም ከመምጣታችሁ በፊት ከላይ የጻፍኩትን የአንድ ራም፣ አንድ ስሎት ሙከራ እዚያው ሞክሩት። ብዙ ጊዜ መንገዱ ይቀርላችኋል።

ከገበያ ስላይት ዩዝድ (ትንሽ ያገለገለ) ራም ገዛሁ። ሻጩ ጋ ሠርቷል፣ እኔ ጋ አይሠራም።

ሁለታችሁም እውነት ልትሆኑ ትችላላችሁ። ራም ሁሉ ራም አይደለም።

መጀመሪያ ትውልዱ። ዲዲአር3 240 ጥርስ አለው፣ ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 288። የተቆረጠው ቦታቸው ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ስሎት አይገባም። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል 2ኛ፣ 3ኛ ወይም 4ኛ ትውልድ የሆነ ዴስክቶፕ ላይ ዲዲአር3 ነው። ከ12ኛ ትውልድ ጀምሮ ማዘርቦርዱ ወይ ዲዲአር4 ወይ ዲዲአር5 ነው። በኤኤምዲ በኩል ኤኤም4 የሚባለው ሶኬት ዲዲአር4፣ ኤኤም5 የሚባለው ዲዲአር5 ብቻ።

ቀጥሎ ቮልቴጁ። ተራው ዲዲአር3 በ1.5 ቮልት ይሠራል፣ ዲዲአር3ኤል ደግሞ በ1.35። ቅርጻቸው አንድ ነው። በ6ኛ ትውልድ ኢንቴል ከተሠሩ የቢሮ ማሽኖች አንዳንዶቹ የሚቀበሉት ዲዲአር3ኤል ብቻ ነው። ራሙ ላይ ያለው ወረቀት «ፒሲ3» ካለ ተራው ነው፣ «ፒሲ3ኤል» ካለ ሌላኛው።

ሦስተኛው የሰርቨር ራም ነው። ርካሽ ሆኖ ብዙ ጊጋ ያለው ዲዲአር3 ወይም ዲዲአር4 ስታዩ ተጠንቀቁ። ሬጅስተርድ የሚባለው የሰርቨር ራም ተራ ዴስክቶፕ ላይ ይሰካል፣ ግን አይሠራም። መለያው ቀላል ነው፦ በሁለቱ ረድፍ ቺፖች መሃል ለየት ያለች አንዲት ቺፕ አለች፤ ወረቀቱ ላይም ከፍጥነቱ ቁጥር ቀጥሎ «አር» የሚል ፊደል ይታያል። የተራው ዴስክቶፕ «ዩ» ነው።

አራተኛው ሰውን በጣም የሚያስቸግረው ነው። «ለኤኤምዲ ብቻ» የሚባል ርካሽ ዲዲአር3 ገበያ ላይ አለ። ቺፑ የተደራጀበት መንገድ ስለሚለይ ኢንቴል ማዘርቦርድ ላይ አይታይም። የሻጩ መሞከሪያ ኤኤምዲ ከሆነ እሱ ጋ ይሠራል፣ እናንተ ጋ አይሠራም። ተበላሽቶ አይደለም።

የድሮ ጂ41 ማዘርቦርድ ያላችሁም አላችሁ። እሱ በአንድ ስሎት ከ4 ጊጋ በላይ አይቀበልም፤ 4 ጊጋውም 16 ቺፕ ያለው፣ ስምንቱ በአንድ ፊት ስምንቱ በሌላው፣ መሆን አለበት። 8 ቺፕ ብቻ ያለው 4 ጊጋ አያየውም። እንደዚሁ ከ2ኛ እስከ 4ኛ ትውልድ ኢንቴል በአንድ ስሎት እስከ 8 ጊጋ ነው፤ 16 ጊጋ ዲዲአር3 አትግዙለት።

ስትገዙ የራሳችሁን ማሽን ይዛችሁ ሂዱ፤ ካልተቻለ አሁን ያለውን ራም አውጥታችሁ ይዛችሁ ሂዱና ወረቀቱን አስተያዩ። «ካልሠራ እመልሳለሁ» የሚለውን ቃል ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት ተቀበሉ።

ሁለቱም ራም ለየብቻው ይሠራል። አብረው ሲሆኑ ግን አንዱ ይጠፋል።

ፍጥነትና መጠን የተለያየ ራም ማቀላቀል ይቻላል፤ ማሽኑ በዘገምተኛው ፍጥነት ያስኬዳቸዋል። ግን ሁልጊዜ አይስማሙም። ባዮስ ውስጥ ኤክስኤምፒ (ራሙን ከመደበኛው በላይ የሚያፈጥነው ቅንብር) በርቶ ከሆነ አጥፉትና እንደገና ሞክሩ። የቦታ ለውጥም ይረዳል፦ ሁለት ራም በአራት ስሎት ላይ ሲሆን ከፕሮሰሰሩ ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ይሁኑ፣ ጎን ለጎን አይደለም።

ከዚያ ባዮሱን ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ መልሱ። ገመዱ ተነቅሎ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ፣ ሲአር2032 የምትባለዋን፣ አውጥታችሁ ጥቂት ደቂቃ ቆዩና መልሱ። ባትሪዋ ካረጀች በአዲስ ቀይሩ። ሰዓቱ በየቀኑ ወደ ኋላ የሚመለስ ኮምፒውተር ባትሪው አልቋል።

ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ስሎቶች አብረው ጠፉ። ሌሎቹ ሁለቱ ይሠራሉ።

እዚህ ስሎቱን ትታችሁ ፕሮሰሰሩን ተጠራጠሩ። አራት ስሎት ያለው ተራ ማዘርቦርድ ሁለት ቻናል (ከፕሮሰሰሩ ወደ ራሙ የሚሄድ መንገድ) አለው፤ እያንዳንዱ ቻናል ሁለት ስሎት ይመግባል። ሁለት ስሎት በአንድ ጊዜ በአጋጣሚ አይሞትም። አንድ ቻናል ሙሉ ከጠፋ መንስኤው ብዙውን ጊዜ ሶኬቱ ላይ ነው። በአብዛኛው ማዘርቦርድ አንድ ቻናል የሚባሉት ጎን ለጎን ያሉት ናቸው፤ ኤ1ና ኤ2፣ ቢ1ና ቢ2።

ጥያቄው ይህ ነው፦ ከዚህ በፊት ፕሮሰሰሩ ወጥቶ ነበር? ፋኑ ተፈትቶ ፔስት (በፕሮሰሰሩና በፋኑ መካከል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ) ተቀይሮ ነበር? ኢንቴል ላይ ፒኖቹ ያሉት ሶኬቱ ውስጥ ነው፤ ከ1000 በላይ የፀጉር ያህል የቀጠኑ ፒኖች። አንዱ ከተጣመመ አንድ ቻናል ሊጠፋ ይችላል። እስከ ኤኤም4 ባሉት የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ፒኖቹ ያሉት ፕሮሰሰሩ ላይ ነው፤ ኤኤም5 ግን እንደ ኢንቴል ሆኗል። ፔስት ፈሶ ሶኬት ውስጥ ከገባም እንደዚሁ ይሆናል።

ሌላም አለ፤ ይህንን ብዙ ሰው አያውቀውም። የፋኑ ብሎኖች ከልክ በላይ ከጠበቁ ወይም አንዱ ጠብቆ ሌላው ከላላ ፕሮሰሰሩ ሶኬቱ ላይ እኩል አይቀመጥም። ራም ይጠፋል። ብሎኖቹን ትንሽ ላላ አድርጎ በመስቀለኛ፣ አንዱን ከሰያፍ ጓደኛው ጋር፣ እኩል ማጥበቅ ጠፍቶ የነበረውን ቻናል የሚመልስበት ጊዜ አለ። የተጣመመ ፒን ማቃናት ግን የማይንቀጠቀጥ እጅና ማጉያ መነጽር ይፈልጋል። ልምድ ለሌለው አይመከርም፤ እዚህ ላይ ባለሙያ ይክፈሉ።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ነው የጠፋው።

መጀመሪያ ከላይ እንዳልኩት ባዮሱን መልሱ፤ የተበላሸው ቅንብሩ ብቻ ሊሆን ይችላል። ካልሆነ ስሎቶቹ አጠገብ ያሉትን ክብ ካፓሲተሮች እዩ። አናታቸው ጠፍጣፋ መሆን አለበት። ያበጠ ወይም ቡናማ ነገር ያፈሰሰ ካለ ለራሙ የሚሄደው ኃይል ይዋዥቃል። እሱ ሰሪ ጋ ይቀየራል፤ ማዘርቦርድ መግዛት አያስፈልግም። መብራት በጠፋ ቁጥር ገመዱን የመንቀል ልማድ ይኑራችሁ፤ ጉዳቱ የሚመጣው ሲመለስ ነው።

ባዮስ አፕዴት ላድርግ?

አዲስ ፕሮሰሰር ወይም አዲስ ትልቅ ራም አልቀበል ካለ ይረዳል። ግን ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ማሽኑን የሚይዝ ባትሪ) አትሞክሩት። መሃል ላይ መብራት ከጠፋ ማዘርቦርዱ ጭራሽ ላይነሳ ይችላል።

አዲስ ዲዲአር5 ማሽን ገጣጠምኩ። ሲነሳ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል።

ጠብቁት። ዲዲአር5 መጀመሪያ ሲነሳ ማዘርቦርዱ ራሙን ይለማመዳል፤ ደቂቃዎች ሊወስድ ይችላል፣ ብዙ ጊጋ ከሆነማ ከዚያም በላይ። በዚህ መሃል አጥፍታችሁ ካስነሳችሁ ከዜሮ ይጀምራል። አራት ዲዲአር5 በአንዴ መሰካትም ይከብደዋል፤ ሁለት ትልልቅ ይሻላል።

አንድ ስሎት በእርግጥ ሞቷል። አሁን ማዘርቦርድ ልቀይር?

ሌላው ከሠራ አትቀይሩ። ሁለት 4 ጊጋ አስባችሁ ከሆነ በአንዱ ደህና ስሎት ላይ አንድ 8 ጊጋ አድርጉ። በአንድ ቻናል ሲሆን ፍጥነቱ ትንሽ ይቀንሳል፤ ጌምና ማሽኑ ላይ ያለውን ግራፊክስ የሚጠቀም ሥራ ላይ ይታወቃል። ለጽሕፈት፣ ለፕሪንት፣ ለኢንተርኔት ግን ልዩነቱን አታዩትም። ለማዘርቦርድ ያሰባችሁትን ገንዘብ ኤስኤስዲ (ከተራው ሃርድ ዲስክ የሚፈጥን ማከማቻ) ግዙበት፤ ኮምፒውተሩ ላይ የምታዩት ለውጥ ከራሙ ይበልጣል።

ስሎቱ ጠቁሮ ወይም ፕላስቲኩ ቀልጦ ካያችሁ ግን ምንም ነገር አትሰኩበት። ሌላ ደህና ራም ያቃጥላል። በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑት፣ ሌላ ሰው ሳያውቅ እንዳይሰካበት።

ሰሪ ጋ ስሄድ ምን ልበል?

«ራም አያይም» ብቻ አትበሉ። ያቺን የጻፋችሁባትን ወረቀት ስጡት፦ ይህ ራም በዚህ ስሎት ታየ፣ በዚያ አልታየም፣ ባዮስ ይህን አለ፣ ዊንዶውስ ይህን። ፕሮሰሰሩ ወጥቶ እንደነበር፣ መብራት ሄዶ እንደሆነ፣ ማሽኑ ተጓጉዞ እንደሆነ ንገሩት። ከመስጠታችሁ በፊት የራሞቹን ወረቀትና የማዘርቦርዱን ሞዴል በስልክ ፎቶ አንሱ። ሰሪው «ማዘርቦርዱ ሞቷል» ካላችሁ ደግሞ የትኛው ራም የትኛው ስሎት ላይ አልሠራ እንዳለ ፊት ለፊታችሁ ሰክቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ጥሩ ባለሙያ ይህ ጥያቄ ቅር አይለውም።